ወይንና በርበሬ በአንድ ገበታ፦ ቤት ውስጥ መቅመስና ከምግብ ጋር ማጣመር

«ቀይ ለሥጋ፣ ነጭ ለዓሣ» የሚለውን ደንብ የማያውቅ የለም። ደንቡ የወጣው ግን ሥጋው በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ተጠብሶ፣ ዓሣው በቅቤና በሎሚ ከሚቀርብበት አገር ነው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ባለ ቤት ገበታ ላይ ሥጋው ብቻውን አይመጣም። በቁሌትና በበርበሬ ተሸፍኖ፣ ንጥር ቅቤ ጠጥቶ፣ ኮምጣጣ እንጀራ ላይ ወጥቶ ነው የሚቀርበው። ወይኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ይኸው ሽፋኑ ነው። በሬ ይሁን ዶሮ፣ በግ ይሁን ዓሣ፣ ያ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ምግብ ወይን መምረጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን ያህል ስኳር፣ ኮምጣጣነት፣ ታኒን (እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያደርቀው ነገር) እና አልኮል እንደያዘ በአፉ መለየት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወጡ እነዚህን አራቱን ምን እንደሚያደርጋቸው መረዳት የሚቻለው። ለትምህርቱ ውድ ወይን አያስፈልግም፤ ሎሚ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይበቃል።

ሙቀቱና ክፍሉ

ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይጠጣል ሲባል የሚታሰበው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳሎኑ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። በሐምሌ ማለዳ ሱሉልታ ያለ ቤት ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በመጋቢት ከሰዓት ደግሞ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል፣ ወይም የምዕራብ ፀሐይ የሚገባበት የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ 27 እና 28 ይደርሳል።

ቀይ ወይን ሲበርድ ሽታው ይዘጋል፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ጎልቶ ይወጣል፣ መራራም ይመስላል። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይጮኻል፣ ኮምጣጣነቱ ይሞታል፣ ስኳር ያለበትም ከሆነ ያሰለቻል። የበረደውን ለማስተካከል ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ማቆም ወይም የተቀዳውን ብርጭቆ በመዳፍ ጥቂት ደቂቃ ይዞ መቆየት ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይሆንም፤ አንዱ ጎኑ ይሞቃል፣ ጭሱም ይገባበታል። የሞቀውን ቀይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ነጭና ሮዜ (ፈዘዝ ያለ ቀይ ወይን) ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይፈልጋሉ፦ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ከመቀዳታቸው 10 ደቂቃ በፊት ማውጣት። ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ነጭ ወይን 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከቅዝቃዜው በቀር ምንም አይሰጥም። እርግጥ ለመጥፎ ወይን ይኼ ውለታ ነው።

መብራት ከጠፋስ? በረዶ ከተገኘ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ከውኃ ጋር አድርጉት፣ አንድ ጭብጥ ጨው ጨምሩበት፤ ጠርሙሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። በረዶ ብቻውን ቀስ ይላል፤ ጠርሙሱን የሚነካው በጥቂት ቦታ ነዋ። በረዶም ከሌለ በደንብ የረጠበ ፎጣ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አቁሙት። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃው እየተነነ ጥቂት ዲግሪ ይቀንስለታል። በክረምት ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አየሩ ራሱ ውኃ የጠገበ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ማደር ግን በማንኛውም ወቅት መጥፎ ነው። 12 ከመቶ አልኮል ያለው ወይን ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ገደማ በረዶ መሆን ይጀምራል፣ ቡሹን ይገፋል፣ አንዳንዴም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል።

ሽታ ሌላው ጉዳይ ነው። ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ ወይም ማድቤቱ ውስጥ ቁሌት እየተንተከተከ ወይን መቅመስ ጊዜ ማባከን ነው። ጥሩው ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 6 ነው፦ አፍ ገና ንጹሕ ነው፣ ምሳው አልተጣደም፣ ቡናው ከምሳ በኋላ ይመጣል። ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ የቀመሰ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ምላሱን አይመን። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ እንግዳ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ።

አፍ ማጠቢያው ዝም ያለ ውኃና ጨው ያልበዛበት ነጭ ዳቦ ነው። አምቦ ውኃ ለዚህ አይሆንም። ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ኮምጣጣነትን ይሰብራል፤ ከአምቦ በኋላ የተቀመሰ ወይን ሕይወቱ የወጣ ይመስላል። ማረጋገጥ የፈለገ ጥቂት ቀይ ወይን ላይ አምቦ ይጨምርበት። የወይኑ ቀለም ደማቅ ቀይ የሚሆነው አሲድ ውስጥ ስለሆነ፣ አሲዱ ሲቀንስ ወደ ሐምራዊና አመድማ ያደላል። ወይን በአምቦ ቀላቅሎ መጠጣት የሚወድ ይጠጣ፤ ሲቀምሱ ግን ይቅር።

ብርጭቆው፣ ከፍታውና አረፋው

ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ባለ እግር ብርጭቆ ይሻላል። ለቅምሻ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው ብርጭቆ የሚይዘው 215 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሚቀዳበት ግን 50 ብቻ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ማለት ከቡና ስኒ ትንሽ ያነሰ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ ለሽታው ነው፤ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ሽታ የሚሰበስብበት የለውም፣ ሲያሽከረክሩትም ጠረጴዛውን ያጥባል። የሻይ ብርጭቆ ለማሽከርከር ይጠብባል። ብርሌም ያማረ ዕቃ ነው፣ ጠጁ ሽታውን ሆዱ ውስጥ ይይዝበታል፣ ግን አንገቱ አፍንጫ አያስገባም፤ ለመጠጣት እንጂ ለመመርመር አልተሠራም።

ወይኑን ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። ከቁም ሳጥን የወጣ ብርጭቆ የእንጨትና የአቧራ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለው ደግሞ የጨርቁ ሽታ አለው። ብዙ ጊዜ «ወይኑ ተበላሽቷል» የሚባለው ብርጭቆው ነው። በሙቅ ውኃ አለቅልቆ፣ ገልብጦ በራሱ እንዲደርቅ መተው ይበቃል።

ከፍታችንም የራሱ ሥራ አለው። 2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አልኮልና ሌሎች ተናኝ ነገሮች ከፈሳሹ ቶሎ ይወጣሉ፤ አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ የከተተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአልኮል ንዴት ነው። ከአፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አንዴ አጭር አሽትቱ፤ ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ አሽከርክሩና ጠጋ በሉ። በተለይ 14 ከመቶ አልኮል ያለበት ወይን ላይ ማሽከርከሩን ማብዛት አይጠቅምም።

አረፋ ያለው ወይን ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ሻምፓኝና በእሱ ዘዴ የተሠሩ ወይኖች ውስጥ ያለው ግፊት 5 ወይም 6 አትሞስፌር ነው፣ የውጪው አየር ደግሞ እዚህ ቀላል ነው፤ ጋዙ በብዛት ይወጣል፣ አረፋው ይገነፍላል። የልደት ቀን ግማሹ ጠርሙስ ምንጣፍ ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በበቂ ስላልቀዘቀዘና መንገድ ላይ ስለተናጠ ነው። እስከ 6 ዲግሪ አቀዝቅዙት፣ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይቁም። የሽቦው ቆብ በስድስት ግማሽ ዙር ይላላል፤ ከዚያች ጊዜ ጀምሮ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ቡሹን ሳይሆን ጠርሙሱን አዙሩ፣ ቡሹንም ሲወጣ ወደ ኋላ ግፉት። በጸጥታ መውጣት አለበት፤ ጩኸቱ የባከነ ጋዝ ነው።

አራቱን ስሜቶች ለይቶ ማወቅ

አምስት ብርጭቆ አዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ። አንዱ ባዶ ውኃ ይሁን። ሁለተኛው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አራተኛው ላይ ሎሚውንም ስኳሩንም በተመሳሳይ መጠን ጨምሩ። አምስተኛው ሁለት ከረጢት ሻይ ለ10 ደቂቃ የተነከረበትና የቀዘቀዘ ይሁን፣ ስኳር የሌለው።

ሎሚውን ስትቀምሱ ምራቅ ከጉንጭና ከምላስ ሥር ይመጣል፦ ኮምጣጣነት ማለት ይኸው ነው፤ የምራቁ ብዛት መለኪያው ነው። ሻዩ በተቃራኒው ድድንና የከንፈርን ውስጥ ያደርቃል፣ ምላስ ጉንጭን ሲነካ ይይዛል። ይህ ታኒን ነው፤ ከምራቅ ውስጥ የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች እየያዘ ስለሚጥላቸው ነው አፍ የሚሻክረው። ብዙ ሰው ታኒንን ከኮምጣጣነትና ከመራራነት ጋር ያደባልቀዋል፤ ሎሚውንና ሻዩን እያፈራረቀ ሁለት ሦስት ጊዜ የቀመሰ አይሳሳትም።

ትልቁ ትምህርት ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ በ200 ሚሊ ሊትር ውስጥ በሊትር 20 ግራም ይሆናል። በአውሮፓ ደንብ ደረቅ (ድራይ) የሚባለው ወይን ስኳሩ በሊትር እስከ 4 ግራም ነው፤ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቀድለታል። ከ45 ግራም ጀምሮ ጣፋጭ ይባላል፣ መሐል ያሉት ከፊል ደረቅና ከፊል ጣፋጭ ናቸው። እንግዲህ ሦስተኛው ብርጭቆ በስኳሩ ከፊል ጣፋጭ ወይን ነው። አራተኛውም ያንኑ ያህል ስኳር አለው፣ ግን አፍ ላይ ግማሹን ያህል እንኳ አይጣፍጥም። አሲድ ስኳርን፣ ስኳርም አሲድን ይሸፍናል። ወይን ሰሪው የሚጫወተው በዚህ ሚዛን ነው፤ ገበታ ላይ ደግሞ እንጀራና ወጥ ሚዛኑን እንደገና ያንቀሳቅሱታል።

ጣፋጭ የሚታወቀው በምላስ ጫፍ፣ መራራ በሥሩ ብቻ ነው የሚለው የትምህርት ቤት ሥዕል ስሕተት ነው፤ ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ጣዕም ያውቃል። ስለዚህ ወይኑን አፍ ውስጥ በሙሉ አዳርሱት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጎንጭታችሁ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ያዙት፣ በከንፈር መሐል ትንሽ አየር ሳቡበት፤ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከዋጣችሁት ወይም ከተፋችሁት በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ሙቀት አልኮሉ ነው። ክብደቱንም አስተውሉ፦ አፍ ውስጥ እንደ ውኃ ያልፋል ወይስ እንደ አጥሚት ይቆያል? ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? ከ5 በታች ከሆነ አጭር፣ ከ10 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው።

ለሽታው የፈረንጅ ፍሬ ስም መሸምደድ አያስፈልግም። እንጆሪ፣ ፕሪም፣ ኮክ፣ ዘቢብ፣ ማር፣ ሎሚ ልጣጭ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ወይራ ጭስ፣ ኮረሪማ ይበቃሉ። በኦክ በርሜል የቆየ ወይን ላይ ቅርንፉድ የሸተተው ሰው አልተሳሳተም፤ ቅርንፉድን ያን ሽታ የሚሰጠው ዩጀኖል የሚባለው ነገር ከተቃጠለ ኦክ እንጨትም ይወጣል።

ሦስት ጠርሙስ፣ ስድስት ሰው

ለመጀመሪያ ቅምሻ ሦስት የማይመሳሰሉ ወይኖች ይሻላሉ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዝዋይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የካስቴል እርሻ በፈረንጆች 2014 ገበያ የወጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያ አሉ፤ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ከተባሉት የቀይ፣ ሻርዶኔ ከተባለውም የነጭ ወይን ፍሬ ዓይነቶች ለየብቻ ተሠርቶ ይገኛል። አዋሽ ወይን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሚታወቁትን ጉደርንና አክሱማዊትን ያቀርባል፤ ጉደር ደረቅ ቀይ፣ አክሱማዊት ጣፋጭ ቀይ ናቸው። ሻርዶኔ፣ ጉደርና አካሺያ ሚድየም ስዊት (ከፊል ጣፋጭ) ቀይ ብትይዙ ነጭ ከቀይ፣ ደረቅ ከጣፋጭ ይነጻጸራል። የአቀማመሱ ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ ነጭ ከቀይ፣ ደረቅ ከጣፋጭ፣ ቀላል ከከባድ በፊት። ጣፋጩን ቀድሞ የቀመሰ ሰው ቀጣዩ ደረቅ ወይን አቼቶ ይሆንበታል።

ለስድስት ሰው 50 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 300 ይወጣል፣ 450 ለምሳው ይተርፋል። አንድ ሰው ሦስቱን ቢውጥ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወይን ጠጣ። መኪና ይዞ ወደ ከተማ የሚመለስ ሰው ይትፋ፤ ከውጪ የማያሳይ ባዶ ጆግ ወይም ትልቅ ስኒ ይቀመጥለት። መትፋት ነውር አይደለም፣ ሙያው ነው።

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ አንገታቸው ላይ ቁጥር ጻፉ። እያንዳንዱ ሰው «ይጥማል፣ አይጥምም» ከማለቱ በፊት ለአራቱ ስሜቶች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይስጥ፤ ሳያወራ ነው መጻፍ ያለበት፣ አንዱ «እንጆሪ» ካለ ሁሉም እንጆሪ ይሸተዋልና። ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ሦስት ብርጭቆ ቅዱ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ወይን፣ አንዱ ሌላ። ልዩውን ማግኘት ነው ሥራው። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይገኛል፤ ስለዚህ አንዴ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም፣ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አራቱን ያገኘ ሰው ግን በእርግጥ ለይቷል።

የተበላሸ ወይን

በዙሪያው ከተሞች ትልቁ ጠላት የሱቁ መስኮት ነው። ለማስታወቂያ ፊት ለፊት የተደረደረው ጠርሙስ ለወራት ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ሊሆን ይችላል። ከኋላ መደርደሪያ ወይም ከካርቶን እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ፤ ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው። ቡሹ ከአንገቱ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ከቆቡ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ከፈሰሰ፣ ወይም ወይኑ ከሌሎቹ ጎድሎ ከታየ ሙቀት ነክቶታል፤ አትግዙት። ቤት ከደረሰም ፍሪጅ ራስ ላይ ወይም የማድቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ አይቀመጥ፤ አልጋ ሥር ይሻላል። ባለ ቡሹን አጋድሙት፣ ባለ ቆርኪው ወይም የሚጠመዘዘው ይቁም።

ከተከፈተ በኋላ፦ እርጥብ ካርቶንና የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፣ መድኃኒት የለውም፣ ጉዳት ግን የለውም። አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ነጩ ቡኒ፣ ቀዩ ጡብማ ሆኖ የተቆረጠ ያረጀ ፖም ከሸተተ አየር አግኝቶታል። የበሰበሰ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ከሆነ ግን አትድፉት፤ አየር ስላጣ ነው። ወደ ጆግ ገልብጣችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልለቀቀ በንጹሕ የመዳብ ሽቦ አማስሉት፤ መዳቡ ሰልፈሩን ይይዘዋል። በነገራችን ላይ ጠርሙስ ከፍቶ «ይተንፍስ» ብሎ ማቆም እምብዛም አይጠቅምም፤ በአንገቱ በኩል አየር የሚያገኘው ወይን ከአንድ ሳንቲም ስፋት ብዙም አይበልጥም። ማስተንፈስ ማለት መገልበጥ ነው።

ገበታው ላይ

ከዶሮ ወጥ እንጀምር፤ እሱን የተረዳ ቀይ ወጡን ሁሉ ተረዳ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ነገር አፍ ውስጥ የሚነካው ሙቀት የሚለካውን ነርቭ ነው። ያ ነርቭ በተፈጥሮው «ተቃጠልኩ» የሚለው በ43 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አልኮል ሲነካው ግን መነሻው ወደ 34 ይወርዳል፣ ከአፍ ሙቀት በታች ማለት ነው። ስለዚህ 14 ከመቶ አልኮል ያለው ወይን ቃጠሎውን አያጠፋም፣ ይለኩሰዋል። ታኒኑ ደግሞ በተቃጠለው አፍ ላይ መሻከር ይጨምራል። ሦስተኛም አለ፦ ለሰዓታት የበሰለው ሽንኩርት ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭ ምግብም ደረቅ ወይንን ይበልጥ ኮምጣጣና መራራ ያደርገዋል። ውድ ደረቅ ካቤርኔ ከዶሮ ወጥ ጋር ተከፍቶ የሚያሳዝነው በእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ነው፣ ጥፋቱም የወይኑ አይደለም።

የሚሠራው ስኳር ያለው፣ ታኒኑ ለስላሳ፣ አልኮሉ 12 ከመቶ አካባቢና ከዚያ በታች፣ ቀዝቀዝ ያለ ወይን ነው። ከፊል ጣፋጭ ቀይ 40 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ 13 ዲግሪ አካባቢ ሲቀርብ ወጡን ይሸከመዋል። «ጣፋጭ የሚወድ ወይን አያውቅም» የሚለው ንቀት እዚህ ላይ መሠረት የለውም፤ ቀይ ወጥ ለሚበላ ሰው ምርጫው ትክክል ነው። ጠጅ ከቀይ ወጥ ጋር የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ማሩ ቃጠሎውን ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ቅቤውን ይቆርጣል። በስኳር የተሠራ፣ ምሬት የሌለው ጠጅ ይህን ሁለተኛውን ሥራ አይሠራም።

እንጀራው ዝም ብሎ የተነጠፈ አይደለም። ኮምጣጣ ምግብ የወይኑን ኮምጣጣነት ያደበዝዛል፤ አሲዱ ደካማ የሆነ ወይን በደንብ ከቦካ እንጀራ ጋር ጠፍጣፋ ይሆናል። ብቻውን ሲቀመስ «ትንሽ ኮመጠጠኝ» ያላችሁት ነጭ ወይን ምሳ ላይ ሚዛኑን የሚያገኘው ለዚህ ነው። ሲቀምሱ የሰጡትን ቁጥር ምሳ ላይ ደግሞ ማየት ጥሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደረጃው ይገለበጣል።

ደረቅ ቀይ ወይን ቦታውን የሚያገኘው ጥብስ ላይ ነው፣ አዋዜ ካልገባበት። ፕሮቲኑና ጨዉ ታኒኑን ያለሰልሱታል። የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ ከሲራ ጋር ልዩ ስምምነት አለው፦ ሲራን ቁንዶ በርበሬ የሚያሸተው ሮተንዶን የተባለ ነገር ነው፣ ይኸው ራሱ በቁንዶ በርበሬም በጥብስ ቅጠልም ውስጥ ይገኛል። ቃሪያውን ከሳህኑ ዳር አድርጉት። ወይኑ አሁንም ከሻከረ ሥጋው ላይ ትንሽ ጨውና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩ፤ ወይኑ ወዲያው ይለዝባል። ከጠርሙስ ለውጥ ይህ ይረክሳል። አዋዜ ጥብስና ምንቸት አብሽ ወደ ዶሮ ወጡ ደንብ ይመለሳሉ።

ክትፎ መሐል ላይ ነው። ሥጋውና ቅቤው ታኒን ይፈልጋሉ፣ ሚጥሚጣው ይከለክላል። ሚጥሚጣው ለዘብ ካለ ሜርሎ በ15 ዲግሪ፤ በደንብ ከተደረገበት ሮዜ። ጎመኑ መራራ ስለሆነ ከታኒን ጋር ምሬቱ ይደራረባል፣ አይቡ ግን ሁሉንም ያስታርቃል። ቁርጥም እንደዚሁ ነው፤ ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ስለሚወጣ ከእሱ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወይን መቅመስ ትርፍ የለውም።

ዓሣ ላይ የድሮው ደንብ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ቀለሙ አይደለም። በፈረንጆች 2009 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከዓሣ ጋር ሲጠጣ አፍ ላይ የሚቀረውን የዓሣ ክርፋት የሚያመጣው ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ቀይ ወይን ላይ ብረቱ ብዙ ጊዜ ይበዛል። ለተጠበሰ ቆሮሶ ደረቅ ነጭ በሎሚ። ዓሣ ጎላሽ በርበሬና ቲማቲም ስላለው ቀዝቃዛ ሮዜ ይሻለዋል።

በጾም የማይጠጣ ብዙ ነው፤ የጾም ምግብ ግን ከጾም ውጪም ይበላል። ክክ አልጫና ድንች በካሮት ከሻርዶኔ ጋር ያለ ችግር ይሄዳሉ፣ እርዱና ዘይቱ ክብደት ያለው ነጭ ይወዳሉ። ተጋቢኖ ሽሮ ሮዜ ይወዳል። በያይነቱ ከሁሉም ይከብዳል፦ ምስሩ ያቃጥላል፣ ጎመኑ ይመርራል፣ የቲማቲም ፍትፍቱ ይኮመጥጣል፣ ቀይ ሥሩ ይጣፍጣል። ለሁሉም የሚሆን አይገኝም፤ ለሚያቃጥለው መርጦ ሌላውን መተው ነው፣ ቀዝቃዛ ከፊል ጣፋጭ ነጭ። ለሱፍና ለተልባ ፍትፍት ወይን ባይከፈት ይሻላል። ፓስታ በስጎ ላይ ደግሞ ቲማቲሙ ኮምጣጣ ስለሆነ አሲዱ ጠንከር ያለ ደረቅ ቀይ፣ ለምሳሌ ጉደር፣ ይስማማዋል።

የልደት ኬክ ደንቡ አንድ ነው፦ ወይኑ ከኬኩ ይበልጥ መጣፈጥ አለበት። ከክሬም ኬክ በኋላ የተጠጣ ደረቅ ወይን ሎሚ ነው። አክሱማዊት ያለችበት ቦታ ይኸው ነው። ለኬክ ቆረሳ ደረቅ ሻምፓኝ መክፈት ግን ሥርዓት እንጂ ጣዕም አይደለም፤ መጀመሪያ ሻምፓኙ ይጠጣ፣ ከዚያ ኬኩ ይቆረስ።

የተረፈው

ግማሽ የቀረ ጠርሙስ የሚያበላሸው ውስጡ ያለው አየር ነው። ወይኑን በግማሽ ሊትር ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጡ፣ ወይኑ እስከ አንገቱ እስኪመጣ ፕላስቲኩን ጨመቅ አድርጋችሁ ክደኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ቀዩም ፍሪጅ ይገባል፤ ከመጠጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ማውጣት ነው። ደረቅ ቀይ ሦስት አራት ቀን፣ ነጭና ሮዜ አምስት ቀን ገደማ፣ ጣፋጩ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ሽታው ደብዝዞ ገና አቼቶ ያልሆነው ቀይ ወይን ለጠንካራ ሥጋ መዘፍዘፊያ ይሆናል፦ ለአንድ ኪሎ አንድ ብርጭቆ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጥብስ ቅጠል ጋር፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ።